ስምና ሰም
በደብራችን የ50ኛ ዓመት የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ



የበዓሉ አዘጋጆች ስለ ደብሩ ታሪክ የሚናገር ሌላ ሰው ስላገኙ፤ ስለ ስብከተ ወንጌልም የሚናገር ሌላ ሰው ስላገኙ፤ ለእኔ የተረፈኝ ስለ ሰው ጠባይ መናገር ነው። ይህም መልካም ዕድል ነው። የደብር ታሪክ ለመናገር መዝገብ መመርመር ያስፈልጋል፤ ስለ ሰው ጠባይ ለመናገር ግን በር አጠገብ ተቀምጦ የሚገባውንና የሚወጣውን መመልከት ይበቃል። ከዚህም በቀር እንዲህ ባለ ንግግር የሚቀየም ሰው የለም፤ ሰው ሁሉ የተነገረው ስለ ጎረቤቱ ይመስለዋልና። ስለዚህ ዛሬ የምናገረውን ሁሉ፥ እያንዳንዳችሁ በስተ ቀኛችሁ ስለ ተቀመጠው ሰው እንደ ተነገረ አድርጋችሁ በደስታ እንድትሰሙልኝ እለምናለሁ።

እኛ የቅኔ ተማሮች ከሁሉ አስቀድመን የምንማረው ሰምን ከወርቅ መለየት ነው። አጠራሩም ከአንጥረኛ ሥራ የመጣ ነው። አንጥረኛ ጌጥ ሊሠራ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የጌጡን መልክ በሰም ያበጃል፤ በሰሙም ላይ ጭቃ ይመርግበታል፤ ጭቃው ሲደርቅ በእሳት ያሞቀዋል፤ ያን ጊዜ ሰሙ ቀልጦ በተተወለት ቀዳዳ ይወጣል፤ በሰሙም ስፍራ የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። ጭቃው በተሰበረ ጊዜ ወርቁ የሰሙን መልክ ይዞ ይገኛል። በቅኔም እንዲሁ ነው፤ ጆሮ የሚሰማው ሰሙን ነው፤ ልብ የሚፈልገው ግን ከውስጥ ያለውን ወርቅ ነው።

ሰውም ሰምና ወርቅ አለው። ነገር ግን ከቅኔ የሚለይበት ነገር አለ። በቅኔ ሰሙ የሚነገረው ወርቁ እንዲገኝ ነው፤ በሰው ዘንድ ግን ሰሙ ያማረ እንደ ሆነ ስለ ወርቁ የሚጠይቅ የለም፤ አንዳንድ ጊዜም ጭቃው ቢሰበር ከውስጡ የሚገኘው ሌላ ሰም ነው። ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ ሰው የባልንጀራውን ወርቅ ፈልቅቆ ለማየት ሊቅ ሆኖ ሳለ የራሱን ሰም ግን ሌላው ሁሉ ወርቅ ነው ብሎ እንዲቀበልለት መፈለጉ ነው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ተገናኝተው ሰላምታ ሲሰጣጡ ተመልከቱ፤ ሁለቱም ባለቅኔዎች ናቸው። «የት ጠፍተህብኝ ነው? ስፈልግህ ሰነበትሁ» የሚለው ሰው፥ መንገዱን ተሻግሮ ሊያመልጥ ሲል ዓይን ለዓይን የተያዘ ነው።

የሰውን ጠባይ ለማጥናት ከቆሎ ተማሪነት የበለጠ ትምህርት ቤት የለም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በትሩን ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲዞር መምህሩ ያላስተማረውን ብዙ ነገር ይማራል። በቤተ መንግሥት የኖረ ሰው ሰዎችን የሚያውቃቸው እጅ ሲነሡ ነው፤ ተማሪ ግን የሚያውቃቸው ከውስጥ ሆነው «ማነው?» ሲሉ ነው።

መጀመሪያ የሚያገኘው ውሻውን ነው። ውሻ እንደ ጌታው ሰው ይመርጣል፤ ደበሎ ለባሹን ይነክሳል፤ ካባ ለባሹን ግን ጅራቱን እየቆላ ይቀበለዋል። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ ከጌታው ፊት ያነበበው ነው። ስለዚህ ተማሪ የቤቱን ጌታ ልብ ለማወቅ ወደ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም፤ ውሻውን አይቶ ይመለሳል። ከግሪክ ጠቢባን አንዱ፥ ከጌታችን ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዲዮጋንስ፥ በቀን ፋኖስ አብርቶ «ሰው እፈልጋለሁ» እያለ በአደባባይ ይዞር እንደ ነበረ ይተረክለታል፤ የሰውንም ግብዝነት ያለ እፍረት ይናከስ ስለ ነበረ «ውሻው» ብለው ይጠሩት ነበር። ዲዮጋንስ ወደ እኛ አገር መጥቶ ቢሆን ኖሮ ፋኖሱን ትቶ በትር በያዘ ነበር፤ ውሻ መባሉም ከውሾቹ ባላዳነው ነበር።

ከውሻው ያመለጠ ተማሪ ቀጥሎ መልስ ይሰማል። ከትንሽ ቤት የሚወጣው መልስ ብዙ ጊዜ ግማሽ እንጀራ ነው፤ የምትሰጠውም ሴት «ልጄ፥ አትቀየመኝ፥ ያለኝ ይኸው ነው» ትላለች። ከትልቅ ቤት የሚወጣው መልስ ግን «እግዚአብሔር ይስጥህ» የሚል ነው። ይህ ቃል እጅግ የሚደነቅ ቃል ነው፤ ሰሙ ጸሎት ነው፤ ወርቁ «ሂድ» ማለት ነው። የተናገረውም ሰው ዕዳውን ወደ ሰማይ አስተላልፎ በሰላም ወደ ምሳው ይመለሳል። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በ2ኛው ምዕራፍ የተራበውን ወንድም በመልካም ምኞት ብቻ የሚያሰናብተውን ሰው የገሠጸው ይህን ነገር ቢያውቅ ነው። በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ደግሞ የወርቅ ቀለበት ያደረገ ሰው ወደ ጉባኤ ሲገባ የክብር ስፍራ እንደሚሰጠው፥ ድኻው ግን ከዚያ ቁም እንደሚባል ይናገራል። ሐዋርያው የእኛን ደብር አላየም። ወንበሮቹን የደረደሩልን ሰዎች ይህን ምዕራፍ አንብበውት እንደ ሆነ ለማወቅ የፈቀደ ግን ወደ ፊተኛው ረድፍ ይመልከት።

ባለጸጋ ሁሉ ንፉግ ነው፥ ድኻም ሁሉ ቸር ነው ማለቴ አይደለም። ድኻም ሲበለጽግ አይቻለሁ፤ ባገኘ በዓመቱ ውሻ ገዛ።

ያው ተማሪ በዚያው ደጅ የሚወደድበት ቀን ደግሞ አለ፤ ይኸውም የቤቱ ጌታ የሞተ እንደ ሆነ ነው። በ40 ቀን ተዝካር ውሻው ታስሮ ይውላል፤ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ «ግቡ አባቶቼ፥ ግቡ ልጆቼ» ይባላል። በሕይወቱ ሳለ ለተማሪ ፍርፋሪ ያልወረወረ ሰው ከሞተ በኋላ እንጀራ በሌማት፥ ጠላ በጋን ያቀርባል። በዚያን ቀን የሚደረገውን ምስጋና በልብ የሰማው እንደ ሆነ እውነትም አይጠፋበትም። «እንደ እርሱ ያለ ሰው ዳግመኛ አይገኝም» የሚሉ ጎረቤቶች ሐሰት አልተናገሩም፤ ዳግመኛ እንዳይገኝ ሲጸልዩ የኖሩም ነበሩና።

በተዝካር ቤት የሟቹ ጽድቅ ከመስተንግዶው ጋር ሲወጣና ሲወርድ በዓይኔ ተመልክቻለሁ። ጠላው የጠነከረ እንደ ሆነ ለጋስነቱ ይታወሳል፤ ወጡ የጣፈጠ እንደ ሆነ ጾመኛነቱ ይነገራል፤ ሥጋው የተደገመ እንደ ሆነ ሊሞት ሲል ብርሃን ያየ ሰው ይገኛል። ጠላው ቀጥኖ የመጣ እንደ ሆነ ግን ከዳር የተቀመጠ አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነፍሱን ይማረውና፥ በዚያ በድንበሩ ክርክር ጊዜ...» ብሎ ይጀምራል። ይህን የሚያውቁ ዘመዶች የሟቹን ጽድቅ ለመጠበቅ ይበደራሉ። ሙት በ40፥ በ80፥ በሙት ዓመት፥ በ7 ዓመትም ይታሰባል፤ ብድሩ ግን ከዚያም በኋላ ሲታሰብ ይኖራል። እኛ ካህናት ከዚህ ነገር ንጹሓን ነን ብል በየተዝካሩ የበላሁት እንጀራ ይታዘበኛል።

ስለ ሌላው ይህን ያህል ከተናገርሁ ስለ ሊቃውንቱ ዝም ማለት አይገባኝም። የቅኔ ቤት ዋድላ፥ ጎንጅ፥ ዋሸራ እየተባለ በየስፍራው ይጠራል። የአንዱ ቤት ተማሪ የሌላውን ቤት ቅኔ ሰምቶ ሲያደንቅ ማየት ብርቅ ነው፤ ያደነቀም እንደ ሆነ «ይህስ ከእኛ ዘንድ የሰማው መሆን አለበት» ይላል። ቅኔውን አስቀድሞ ሳይቆጥር ከአፉ የሚያፈስ ሊቅ «ዘረፈ» ይባላል፤ ስለዚህ በቅኔ ቤት ዘራፊ የተከበረ ሰው ነው። በሌላም ስፍራ ዘራፊ ሲከበር አይቻለሁ፤ እርሱ ግን ቅኔ አያውቅም።

የማዕርግ ስምም በዝቷል። ሊቀ ትጉሃን የተባለን ሰው ከማኅሌት መካከል ለመቀስቀስ ዲያቆን ሲላክ አይቻለሁ፤ መጋቤ ምስጢር የሚባለውም ሹመቱ ገና ምስጢር ሳለ በሰፈሩ ሁሉ አዳርሶት ነበር። በበዓል ቀን ትልቅ ሰው በተገኘበት ቅኔ ሲቀርብ ደግሞ ተመልከቱ። «ይበል! ይበል!» እያልን ከምንጮኸው ሁሉ ይልቅ ደስ የሚለው፥ ራሱንም የሚነቀንቀው፥ ግዕዝ ከቶ የማያውቀው እንግዳ ነው። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ ከቅኔው ሁሉ አንድ ቃል ገብቶታል፤ ያም የራሱ ስም ነው።

ከሊቃውንት ወገን እንደ አለቃ ገብረ ሐና ሰውን ያሳቀ የለም። አለቃ ግን ከማሳቃቸው በፊት ታላቅ ሊቅ ነበሩ፤ ኑሯቸውም እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በልጃቸው በተክሌ ስም የተጠራው የተክሌ አቋቋም ከእርሳቸው የመነጨ ነው፤ ዛሬም በደብረ ታቦርና በሌላም ስፍራ መዘምራን መቋሚያቸውን ይዘው እንደ ሸንበቆ ወዲህና ወዲያ ሲሉ የምታዩት የእርሳቸውን ድካም ነው። ነገር ግን በመንገድ ያገኛችሁትን ሰው ስለ አለቃ ብትጠይቁት ስለ ዝማሜው አይነግራችሁም፤ ቀልዳቸውን ይነግራችኋል። ከሚነግራችሁም ቀልድ ብዙው እርሳቸው ከሞቱ በኋላ የተወለደ ነው። ይህ ለምን ሆነ ቢሉ፥ ሰው በሹምና በባለጸጋ ላይ የሚያስበውን ነገር በራሱ አፍ ለመናገር ስለሚፈራ ለሞተ ሰው ያሸክመዋል፤ ሙት አይታሰርም፤ ሙት ከሹመቱ አይሻርም። «አለቃ ገብረ ሐና እንዲህ አሉ» ብሎ የጀመረ ሰው የልቡን ተናግሮ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል። ከጥቂት ዘመን በኋላ ይህን የእኔንም ንግግር ለእርሳቸው ይሰጡልኝ ይሆናል። እኔም አልቃወምም፤ ይልቁንም ከእንግዲህ ወዲያ የምናገረውን ከዛሬ ጀምሮ ቢሰጡልኝ እወዳለሁ።

ስምና ሰም በጽሕፈት የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። ሰም በግዕዙ «ሰ» ይጀምራል፤ ስም በሳድሱ «ስ» ይጀምራል። ሁለቱም ሙቀት ይወዳሉ፤ ግን ሰም ሲሞቅ ይቀልጣል፥ ስም ሲሞቅ ያብጣል።

ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በመሬት ትኖር ነበር። በ1967 ዓ.ም. በየካቲት ወር የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ የአድባራትና የገዳማት መሬት ሄደ፤ ከመሬቱም ጋር የመምህሩና የደብተራው ቀለብ ሄደ። መሬቱ በነበረ ጊዜ ተማሪው ይጠግብ ነበር ማለት አይደለም፤ ያን ጊዜም ካህናቱ ስለ መሬቱ ሲካሰሱ ተማሪው በየደጁ ይለምን ነበር። የእኛ ደብር የተተከለው ከአዋጁ በኋላ ስለ ሆነ ርስት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ከተወለደ ጀምሮ ያደገው በምእመናን እጅ ነው። የምእመናን እጅ ምን እንደሚፈታው የታወቀው ግን ድምፅ ማጉያ በዐውደ ምሕረት ላይ ከቆመ በኋላ ነው።

አንድ ሰው 1,000 ብር ለመስጠት አስቦ ከቤቱ ይወጣል። ከዐውደ ምሕረቱ እንደ ደረሰ የጎረቤቱ ስም ከ5,000 ብር ጋር ሲነበብ ይሰማል፤ እልልታም ይከተላል። ያን ጊዜ በዚያ ሰው ልብ ውስጥ የሚደረገውን ጦርነት እግዚአብሔርና ሚስቱ ያውቁታል። በመጨረሻም 6,000 ብር ይሰጣል። ይህን የምናገረው ለነቀፋ አይደለም፤ ቅናት የሠራው ጣራ ፍቅር እንደ ሠራው ጣራ ዝናብ ይከለክላልና። እኔ ራሴ የምቆምበት ቅኔ ማኅሌት ጣራው በምን እንደ ተሠራ ዐውቃለሁ፤ እስከ ዛሬም አንዲት ጠብታ አልወረደችብኝም። ሰጥቶ ከሚመካ ይልቅ የሚያስቸግረው ተመክቶ የማይሰጥ ነው፤ ስሙ ሲነበብ እልል የተባለለት «ቃል የገባ» ሁሉ እልልታውን በዕለቱ ወስዷል፤ ገንዘቡ ግን ገና በመዝገብ ላይ ነው።

ጉዳቱ ያለው ከዚህ ላይ ነው፤ ስም የሚጻፍበት ነገር ሁሉ ይሠራል፤ ስም የማይጻፍበት ነገር አይሠራም። ስም በበር ላይ ይጻፋል፤ በደወል ላይ ይጻፋል፤ በመጋረጃ ጫፍ ይጠለፋል፤ በሥዕል ግርጌም ይጻፋል፤ እንዲያውም ከቅዱሱ ስም ይልቅ የአሠሪው ስም ጎልቶ የተጻፈበት ሥዕል አለ። በእንጀራ ላይ ግን ስም አይጻፍም፤ ቢጻፍም ተማሪው ይበላዋል። ጌታችን በመዝገብ አንጻር ተቀምጦ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት እንዳየ በማርቆስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ያች መበለት ዛሬ ወደ እኛ ብትመጣ ስሟ አይነበብም፤ አንባቢው ከትልቁ ይጀምራልና ወደ እርስዋ ሳይደርስ ሰዓቱ ይሞላል። ወንጌላዊውም ስሟን አልጻፈም፤ የጣለችውን ግን ቆጥሮ ጻፈ።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ከቤተ ልሔሙ በስተ ኋላ ስላለችው የቅኔ ጉባኤ ጎጆ ለመናገር ነው። ጎጆዋ ተነሥታ በስፍራዋ የሚከራይ ሱቅ እንዲሠራ ሐሳብ ቀርቦ ሰበካ ጉባኤው እየመረመረው መሆኑን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የሐሳቡ ሰም «ገቢው ለቤተ ክርስቲያን ነው» የሚል ነው፤ ያማረ ሰም ነው። ወርቁን እኔ አልፈታም፤ ሱቁን ማን እንደሚከራየው በታወቀ ጊዜ ራሱ ይፈታል።

ጎጆዋ ታፍሳለች፤ መልክ የላትም፤ ለእንግዳ የማትታይ ብትሆን ደስ የሚላቸው ሰዎች አሉ። በውስጧ ግን በጣት የሚቆጠሩ ልጆች አሉ። ቀን ቀን ከጥዱ ሥር እየተበተኑ፥ ሻሻቸውን በፊታቸው ላይ ጥለው፥ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቅኔ ይቆጥራሉ፤ ያላወቀ ሰው ያበዱ ይመስሉታል። ወደ ማታ የቆጠሩትን ለመምህሩ ይነግራሉ፤ መምህሩ የተንጋደደውን ያቃናል፥ ቤት ያልመታውን ይመልሳል። በ2 ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራሉ፤ በ3 ቤት ዘአምላኪየ፥ በ5 ቤት ዋዜማ፥ በ6 ቤት ሥላሴ አልፈው እስከ 8 ቤት መወድስ ይደርሳሉ። ሱቅ በጥቂት ወር ይሠራል፤ ቢቃጠልም ተመልሶ ይሠራል። መወድስ የሚሞላ ልጅ ግን በጥቂት ወር አይሠራም፤ መምህሩም አንድ ጊዜ ከሄደ በጨረታ አይገኝም። ዛሬ ጧት በዚህ በዓል የተቀኘው ልጅ ከዚያች ጎጆ የወጣ ነው፤ «ይበል» ያላችሁትም እናንተ ናችሁ።

እሑድ እሑድ ለእነዚህ ልጆች ሽሮና እንጀራ የምትልክ አንዲት ጠላ ሻጭ አለች። ስሟን እንዳልናገር ስለ ለመነችኝ አልናገርም። ከዚህ የኢዮቤልዩ መጽሐፍ ውስጥ ፎቶግራፍዋን ብትፈልጉ አታገኙትም፤ በኋላ ከድንኳኑ በስተ ጀርባ ሳህን ስታጥብ ታገኟታላችሁ።

ሰበካ ጉባኤው ከመወሰኑ በፊት አባሎቹ አንድ ማታ ከዚያች ጎጆ ደጅ ጥቂት እንዲቀመጡ እለምናለሁ። ወንበር የለም፤ ድንጋይ አለ። ውሻም የለም። የፊተኛና የኋለኛ ረድፍ ስለሌለ ማዕርግ አያስቸግርም።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ላስታውቃችሁ ይገባኛል። ጎጆዋን ያፈረሳችሁ እንደ ሆነ ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት እያንዳንዳችሁን በስማችሁ እየጠሩ 8 ቤት ሙሉ መወድስ ይቆጥሩላችኋል። መወድስ ማለት ምስጋና ማለት ነው፤ ስለዚህ ሰሙን ሰምታችሁ ደስ ይላችኋል፤ ራሳችሁንም ትነቀንቃላችሁ። ወርቁ ምን እንደ ሆነ የሚፈታላችሁ ሰው ስትፈልጉ ግን በደብሩ ውስጥ አታገኙም፤ ሱቅ የተከራየውን ሰው ትጠይቁታላችሁ።